ባዶ እጅ ስንት መሣሪያ ነው?

እንደሚታወቀው በዚህ ገጽ ላይ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውል፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ይርጋና ስለ ሰበር ውሳኔዎች ናቸው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጨዋታ ነው። «ሕግ ትምህርት ክፍል ውስጥ ጨዋታ ምን ቤት ነው?» የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ይህ ጨዋታ 320 ገጽ ያለው የሕግ መጽሐፍ አለው፤ ሕጉ ትርጉም ይፈልጋል፤ ትርጉሙ ደግሞ ሰው ያጣላል። እኛንም አጣልቶናል። አንዲት ጎበዝ ተጫዋችም በዚሁ የተነሳ ከጠረጴዛው ርቃለች፤ ጥፋቱ የእሷ ነው ብዬ ደግሞ አላምንም። ስለዚህ ክርክሩን በቃል ከምንነታረክበት በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ተነሳሁ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ባጭሩ ልናገር። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። እንደ ዳማ ወይም እንደ ቼዝ የግድ ሰሌዳ አይፈልግም። አንድ አጫዋች ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን «ይህን አደርጋለሁ» እንላለን። ይሳካል አይሳካም የሚለውን የሚወስነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። ለመምታት ዳይሱን ትጥላለህ፣ በወጣው ቁጥር ላይ የራስህን ጭማሪ ትደምራለህ፣ ድምሩ የባላንጣህን የመከላከያ ቁጥር ከደረሰ ወይም ካለፈ መታኸው ማለት ነው። ከዚያ የጉዳቱን መጠን በሌላ ዳይስ ታወጣለህ። በቃ። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ጠቡም ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

እኛ የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «3.5» የሚባለውን እትም ነው። ከዚያ ወዲህ አራተኛው እትም በ2008፣ አምስተኛው በ2014፣ የአምስተኛው የተሻሻለ መጽሐፍ ደግሞ በ2024 ወጥተዋል። እጃችን ላይ ያለው መጽሐፍ ግን ይሄው ስለሆነ በዚሁ እንዳኛለን። ሕጉ ተሽሯል የሚለን ሰው አዲሱን መጽሐፍ ይግዛልን!

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ተጫዋች ከሚመርጣቸው የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች አንዱ «ሞንክ» ይባላል። ቃሉን በአማርኛ «መነኩሴ» ብለው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን መነኩሴ ሲባል ለእኛ የሚታየን ቆብ የደፋ፣ መቋሚያ የያዘ፣ ከዓለም የመነነ አባት እንጂ እየዘለለ የሚራገጥ ሰው አይደለም። (በጠረጴዛችን ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን «ዱላው መቋሚያ ነው እንዴ?» ተብሎ ተስቋል።) ስለዚህ ሞንክ እያልኩ እቀጥላለሁ። የጨዋታው ሞንክ የሻውሊን ልጅ ነው፤ እንዲያውም ከገዳሙ ይልቅ የፊልሙ ልጅ ነው ቢባል ይቀላል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1975 «ብላክሙር» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ የብሩስ ሊ «ኤንተር ዘ ድራጎን» ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በሰፈር ቪዲዮ ቤት የካራቴ ፊልም እያየ ላደገ ሰው ሞንክ ማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥሩር አይለብስም፣ ጋሻ አይዝም። መሣሪያው ሰውነቱ ነው።

በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሞንክ ወደ ከፍተኛዎቹ ደረጃዎች ለመውጣት በደረጃው ላይ ያለውን ሌላ ሞንክ በባዶ እጅ ገጥሞ ማሸነፍ ነበረበት፤ ይህ እኔ በጣም የምወደው ሥርዓት ነው። በ1989 የወጣው ሁለተኛ እትም ሞንክን ከዋናው መጽሐፍ አስወጣው። በ2000 በሦስተኛው እትም ተመለሰ። ችግሩም አብሮት ተመለሰ።

ችግሩ የሁለት ድንጋጌዎች ግጭት ነው። አንደኛው ስለ ሁለት መሣሪያ ውጊያ የሚናገረው ነው። በግራና በቀኝ መሣሪያ የያዘ ተዋጊ አንድ ተጨማሪ ምት ያገኛል፤ ነገር ግን ይቀጣል። ያልሠለጠነ ከሆነ ከዋናው እጅ ምት 6፣ ከሁለተኛው እጅ ምት 10 ይቀነስበታል። ሁለተኛው መሣሪያ ቀላል ከሆነ ቅጣቱ ወደ 4 እና 8 ይወርዳል። «የሁለት መሣሪያ ውጊያ» የሚባለውን ልዩ ችሎታ የመረጠ ሰው ደግሞ፣ በሁለተኛው እጁ ቀላል መሣሪያ እስከያዘ ድረስ፣ ከሁለቱም 2 ብቻ ይቀነስበታል። በሁለተኛው እጅ በሚሰነዘረው ምት ላይ የጥንካሬ ጭማሪ የሚታሰበው በግማሽ ነው። መቼም ግራ እጅ እንደ ቀኝ አይሆንም፤ እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

ሁለተኛው የሞንኩ ድንጋጌ ነው። ሞንክ «ፍለሪ ኦፍ ብሎውስ» የሚባል ነገር አለው፤ እኔ የምት ዶፍ እለዋለሁ። በአንድ ዙር አንድ ተጨማሪ ምት ይሰነዝራል። በለጋ ደረጃው ከሁሉም ምቶቹ 2 ይቀነስበታል፤ 5ኛ ደረጃ ሲደርስ ቅጣቱ 1 ይሆናል፤ ከ9ኛ ደረጃ ጀምሮ ጨርሶ ይቀርለታል። በ11ኛ ደረጃ ሌላ ምት ይጨመርለታል። ከዚህም ሌላ መጽሐፉ ሦስት ነገር ይላል፤ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ሞንክ በቡጢ ብቻ ሳይሆን በክርን፣ በጉልበትና በእግርም ስለሚመታ እጆቹ በዕቃ ተይዘው እንኳ መምታት ይችላል። በባዶ እጅ ለሚመታ ሞንክ «ሁለተኛ እጅ» የሚባል ምት የለም። ስለዚህ የጥንካሬ ጭማሪው በሁሉም የባዶ እጅ ምቶቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ይታሰባል።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። አንዲት ሞንክ የሁለት መሣሪያ ውጊያን ችሎታ ብትመርጥ፣ እሱንና የምት ዶፉን አጣምራ በባዶ እጇ ሦስት ጊዜ መምታት ትችላለች ወይስ አትችልም?

በእኛ ጠረጴዛ ላይ ጥያቄውን ያስነሳችው አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ገጸ ባሕርይዋ 6ኛ ደረጃ ስትደርስ አዲስ ችሎታ የመምረጥ መብት ነበራትና ይህንኑ መረጠች፤ አጫዋቹም ወረቀቷን አይቶ ዝም አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውጊያ ተጀምሮ ሦስት ጊዜ ዳይስ ስትጥል «ቆይ ቆይ፣ ሦስተኛው ከየት መጣ?» ተባለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አጫዋቹ «መጽሐፉ ሁለተኛ እጅ የለም ይላል፤ ሁለተኛ እጅ ከሌለ የሁለት መሣሪያ ውጊያ የለም» ብሎ ወሰነ። እንግዲያውስ ምርጫዋን ትቀይር ስንለው «አንዴ ተመርጧል» አለ። እሷ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አልመጣችም፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣችም። አጫዋቹ ጓደኛዬ ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ክፉ ሰውም አይደለም። ውሳኔው ግን ትክክል አይደለም።

ከመቀጠሌ በፊት የጥቅም ግጭት እንዳለብኝ ላሳውቅ። እኔ የምጫወተው ባለ ትልቅ ሰይፍ ተዋጊ ነው። ሞንኳ ስትዳከም እኔ ጀግና እመስላለሁ። ስለዚህ የምከራከረው በራሴ ላይ ነው።

አጫዋቹ ያነበበው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር «ስለዚህ» የሚል ቃል አለበት፤ የድንጋጌው ዓላማ የተቀመጠውም እዚያ ላይ ነው። ሕግ አውጪው «ሁለተኛ እጅ የለም» ያለው ለሞንኩ ሙሉ ጥንካሬ ለመስጠት እንጂ ማንኛውም ተዋጊ ሊመርጠው የሚችለውን ችሎታ ሊነጥቀው አይደለም። ሁለተኛ እጅ የለም ሲባል «ደካማ እጅ የለም» ማለት ነው። ለአንድ ወገን ጥቅም የወጣ ድንጋጌ ተገልብጦ በዚያው ወገን ላይ አይተረጎምም፤ ይህን ደግሞ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ስንማረው የኖርነው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1738 አጠራጣሪ የውል ቃል ግዴታ ለገባው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። (የጨዋታ ሕግ ውል ነው ወይስ አዋጅ? ይህን ለመምህራኖቻችን ትቼዋለሁ።)

«ቃሉ ግልጽ ነው፤ ግልጽ የሆነ ቃል ደግሞ አይተረጎምም» ብለው ቁጥር 1733ን የጠቀሱብኝ አሉ። እሺ፣ በቃሉ እንሂድ። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ዓይነት ገጸ ባሕርይ የሠለጠነባቸውን መሣሪያዎች ይዘረዝራል። በሞንኩ ዝርዝር ውስጥ ዱላ አለ፣ ጩቤ አለ፣ ወንጭፍ አለ፣ ቀስተ ደጋን የመሰለ ነገር ሁሉ አለ። ባዶ እጅ ግን የለም! በዚያው መጽሐፍ የመሣሪያ ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ባዶ እጅ ከቀላል መሣሪያዎች ተርታ ተመዝግቧል። ባልሠለጠነበት መሣሪያ የሚዋጋ ሰው 4 ይቀነስበታል። እንግዲህ በቃሉ ከሄድን፣ ዕድሜ ልኩን ገዳም ውስጥ ቡጢ ሲለማመድ የኖረው ሰው ቡጢ አያውቅም ማለት ነው። ኧረ ይሄ እንዴት ይሆናል? ማንም እንዲህ አድርጎ አይጫወትም፤ የእኛም አጫዋች ይህን 4 አንድም ቀን ቀንሶባት አያውቅም። እዚያ ላይ በዓላማው ተረጉሞ እዚህ ላይ በፊደሉ ሙጭጭ ማለት ትርጉም አይባልም፤ የፈለጉትን መርጦ መውሰድ ነው።

ሌላው ነገር፣ አሳታሚው ራሱ ለ3.5 ባወጣው የጥያቄና መልስ ሰነድ ላይ ይኸው ጥያቄ ተነስቶ ነበር። መልሱ፣ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፣ የሁለቱም ቅጣት ግን ይደመራል የሚል ነው። ሰነዱ የማስገደድ ኃይል አለው ወይስ የለውም በሚለው ላይ የዓለም ተጫዋቾች ለዓመታት ተጨቃጭቀውበታል። በእኛ አገር የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ እናውቃለን፤ ለጨዋታው እንዲህ ያለ ችሎት የለውም። ቢሆንም ቢያንስ እንደ አሳማኝ ምንጭ መታየት አልነበረበትም? እኛ ጋ «የአሜሪካኖቹ አስተያየት ነው» ተብሎ ታለፈ። መጽሐፉስ የማን ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ብዙዎቻችን ሕግ የገባነው ሒሳብ ሸሽተን ቢሆንም። የሞንኳ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። 6ኛ ደረጃ ላይ መሠረታዊ የምት ጭማሪዋ 4፣ የጥንካሬ ጭማሪዋ 2፣ የቡጢዋ ጉዳት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 2፣ ማለትም በአማካይ 6.5 ነው። የመከላከያ ቁጥሩ 18 የሆነ ጠላት ፊቷ ቆሟል እንበል። በምት ዶፍ ብቻ ስትመታ በ5 ጭማሪ ሁለት ጊዜ ትጥላለች፤ እያንዳንዱ የመሳካት ዕድሉ 40 በመቶ ነው። በአንድ ዙር የምታደርሰው አማካይ ጉዳት 5.2 ይሆናል። ሁለቱን ካጣመረች በ3 ጭማሪ ሦስት ጊዜ ትጥላለች፤ የእያንዳንዱ ዕድል ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ሙሉ ጥንካሬ ቢታሰብላት እንኳ አማካዩ 5.85 ነው። ልዩነቱ 0.65! የተጨቃጨቅነው፣ ሰው ያጣነው ለዚህ ነው።

ይባስ ብሎ የጠላት መከላከያ 22 ሲሆን የምት ዶፉ ብቻ 2.6 ሲያስገኝላት ሦስቱ ምት 1.95 ብቻ ይሰጣታል። ማለትም በጠንካራ ጠላት ላይ «ሕገ ወጥ» የተባለው ችሎታዋ ራሷን ይጎዳታል። ለእውነት ለመናገር በደካማ ጠላት ላይ ይጠቅማታል፤ መከላከያው 14 ከሆነ ከ7.8 ወደ 9.75 ከፍ ትላለች። ግን ደካማ ጠላትን ማን ይፈራል?

የእኔን ተዋጊ እዩት ደግሞ። ደረጃው ያው 6ኛ ነው። መሠረታዊ ጭማሪው 6፣ የጥንካሬው 4፣ ሰይፉ አስማታዊ ስለሆነ 1 ይጨምራል። በአንድ ዙር አንዴ በ11፣ አንዴ በ6 ጭማሪ ይመታል። ሰይፉን በሁለት እጁ ስለሚይዝ የጥንካሬው ጭማሪ አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ የእያንዳንዱ ምት አማካይ ጉዳት 14 ነው። መከላከያው 18 በሆነው በዚያው ጠላት ላይ አማካዩ 16.1 ይመጣል። የእሷን ከሦስት እጥፍ በላይ! በእርግጥ እኔ ሁሉን ነገር ጥንካሬ ላይ አፍስሻለሁ፤ እሷ ደግሞ ፍጥነትም ጥበብም ጽናትም ስለሚያስፈልጋት ነጥቧን በትናለች። ያም ቢሆን ጥሩር አልብሶ ሰይፍ ያስያዘኝ ሕግ አንድም ቀን ጥያቄ ሳይነሳበት፣ የባዶ እጇ ሦስተኛ ምት ግን ሁለት ሰዓት አከራከረን። ለምን? ሰይፍ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባዶ እጅ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ሲመታ ግን የሆነ ነገር ያጭበረበረ ይመስለናል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን ዋጋው ነው። በዚህ ጨዋታ ገጸ ባሕርያት ያገኙትን ወርቅ አስማታዊ መሣሪያ ይገዙበታል፤ የጠላቶቹ ጥንካሬም ይህን ታሳቢ አድርጎ የተሰላ ነው። አንድ የሚጨምረው የእኔ ትልቅ ሰይፍ ከነብረቱ 2,350 የወርቅ ሳንቲም ያወጣል። ሞንክ ለቡጢው ይህንኑ አንድ ጭማሪ ሲፈልግ የሚገዛው የአንገት ክታብ ነው፤ ዋጋው 6,000 ነው። ለሁለት ጭማሪ 24,000 ይጠይቃል። ምክንያት ተብሎ የሚሰጠው፣ ክታቡ የሰውነትን ምት ሁሉ፣ እጁንም እግሩንም ክርኑንም፣ በአንድ ጊዜ ስለሚያጠናክር ነው የሚል ነው። መጽሐፉ ለ6ኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይ የሚገምተው ጠቅላላ ሀብት 13,000 ነው። ማለትም ሞንኳ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ንብረቷን ለአንድ ጭማሪ ትከፍላለች። በግራና በቀኝ አስማታዊ ማጭድ የያዘ ሰው እንኳ ለሁለቱ 4,604 ከፍሎ ይገላገላል።

ልብ በሉ እንግዲህ። ስትከፍል ሰውነቷ ብዙ መሣሪያ ነው። ስትመታ ግን አንድ መሣሪያ ነው፣ ሁለተኛ የለም ትባላለች! መጽሐፉም ሌላ ቦታ ላይ የሞንክ ባዶ እጅ፣ መሣሪያን ለሚያጠናክር አስማት ሲሆን እንደ ተሠራ መሣሪያም እንደ ተፈጥሮ መሣሪያም ይቆጠራል ብሎ ደንግጓል። ለአስማት መሣሪያ ነው፣ ለሻጩ ብዙ መሣሪያ ነው፣ ለባለቤቱ ግን መሣሪያ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በእውነተኛ ሕግ ላይ ብናየው ስንት ተርም ፔፐር ይጻፍበት ነበር! (የካራቴ ብላክ ቤልት ያለው ሰው እጁ በሕግ እንደ መሣሪያ ይቆጠራል የሚለውን የካፌ ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይህን ለወንጀል ሕግ ተማሪዎች ልተወው።)

የሚገርመው ደግሞ ይህ ሁሉ የሚደርሰው ድህነትን በመረጠው ገጸ ባሕርይ ላይ መሆኑ ነው። ሞንኩ ከዓለም የራቀ፣ በሥልጠና ብቻ የሚኖር ሰው ተደርጎ ተጽፏል። በ2003 በወጣ አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ላይ ንብረቱን ሁሉ ለተወ ገጸ ባሕርይ በምትኩ የተለያየ ጭማሪ የሚሰጥ የድህነት ስእለት ገብቶ ነበር፤ ብዙዎች ለሞንክ ይመርጡት ነበር። እኛ ጋ ያ መጽሐፍ የለም። ስለዚህ የእኛዋ መናኝ ትገዛለች፣ ያውም በውድ።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ አንዱ በእርግጥ ጠንካራ ነው። «የምት ዶፍ ማለት ራሱ በሁለት እጅ መምታት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ማጣመር አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል» ይላሉ። ፓዝፋይንደር የሚባለው ተቀናቃኝ ጨዋታ በ2009 የወሰደው መንገድ ይሄው ነው። ከ3.5 ሕግ ተነስቶ፣ የምት ዶፍን የሁለት መሣሪያ ውጊያ ችሎታ እንዳለው ሰው ሆኖ እንደ መምታት ደነገገው፤ ማጣመር የሚባለው ጥያቄም በዚያው ተዘጋ። እኔም ሕግ አውጪ ብሆን ምናልባት እንዲህ እጽፈው ይሆናል። ግን ሕግ ማውጣትና ሕግ መተርጎም አንድ አይደሉም። በ3.5 ውስጥ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም። የወደፊቱን ሕግ ወደ ኋላ ጎትተን፣ ምርጫዋን አድርጋ በጨረሰች ተጫዋች ላይ መጫን ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው።

ደግሞስ ፓዝፋይንደር ተመችቶት ኖረ? በ2012 ከአዘጋጆቹ በኩል፣ የምት ዶፍ እንደ ሁለት መሣሪያ ውጊያ ከሆነ ሞንኩ በአንድ መሣሪያ ብቻ ደጋግሞ መምታት አይችልም፣ ማቀያየር አለበት የሚል ማብራሪያ መጣ። አስቡት፤ አንድ አስማታዊ ማጭድ ይዞ ለዓመታት የተጫወተ ሰው በድንገት ሌላ ማጭድ ግዛ ተባለ። ተጫዋቹ ሁሉ ጮኸ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ማብራሪያውን አንስቶ በአንድ መሣሪያም ይቻላል አለ። በ2015 «አንቼይንድ» በተባለው መጽሐፍ ሞንኩን እንደገና ሲጽፉት የሁለት መሣሪያውን ንጽጽር ጨርሰው ጣሉት፤ ተጨማሪው ምት በሙሉ ጭማሪ፣ ያለ ቅጣት፣ የሞንኩ የራሱ ሆነ።

ለእኔ ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። የሞንክን ምት በእጅ ብዛት መቁጠር ሲጀመር ነው ነገሩ የሚበላሸው። አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ እግርስ ስንተኛ ነው? ጭንቅላትስ? ይህ የሰይፍ መለኪያ ነው። ሰይፍ ዕቃ ነውና ይቆጠራል። የሠለጠነ ሰውነት ግን አንድ ነው፤ ከእሱ ስንት ምት እንደሚወጣ የሚወስነው ሥልጠናው ነው። የሁለት መሣሪያ ውጊያ ችሎታም ሥልጠና ነው። ተጫዋቿ ከጥቂት ምርጫዎቿ አንዱን ሰጥታ፣ የሚጠይቀውን የ15 ቅልጥፍና አሟልታ ገዝታዋለች። «ዛሬ ሦስት ካልን ነገ በእግር፣ በክርን እያለች አሥር ትላለች» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ችሎታው የሚሰጠው አንድ ተጨማሪ ምት ብቻ ነው፤ እጅና እግሯ መቶ ቢሆንም።

አምስተኛው እትም ነገሩን በሌላ መንገድ ነው የፈታው። በ2014 ሁለቱም፣ የሁለት መሣሪያው ምትም የሞንኩ ተጨማሪ ቡጢም፣ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ በሚፈቀድ «ተጨማሪ ድርጊት» ውስጥ ገቡ፤ ስለዚህ ወይ ይሄ ወይ ያ ነው። ቅጣት የሚባለውም ቀረ። በ1ኛ ደረጃ 3 የቅልጥፍና ጭማሪ ያለው ሞንክ በቡጢ አማካይ 5.5 ሲያደርስ፣ በሁለተኛ እጁ አጭር ሰይፍ ቢመታ ጭማሪው ስለማይታሰብለት 3.5 ብቻ ያገኛል። ባዶ እጅ ከብረት በለጠ! በ2024ቱ መጽሐፍ የሞንክ ቡጢ ከባለ 4 ገጽ ወደ ባለ 6 ገጽ ዳይስ አደገ። እንደ ጩቤ ባሉ አንዳንድ ቀላል መሣሪያዎች ላይ ደግሞ የሁለተኛው እጅ ምት ተጨማሪውን ድርጊት ሳይነካ ከዋናው ጥቃት ጋር እንዲሄድ የሚያደርግ ልዩ ስልት ተጨመረ። ሞንክ ስልቱን በሙያው አያገኘውም፤ በ4ኛ ደረጃ በሚመርጠው ችሎታ ግን ሊያገኘው ይችላል። ያገኘ ሞንክ በሁለት ጩቤ ሁለቴ መትቶ ሦስተኛውን በእርግጫ ይጨርሳል። ሦስት ምት፣ በሕግ፣ ያለ አንዳች ቅጣት። የእኛዋ ተማሪ የተከለከለችው ከዚህ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ለጠረጴዛችን የማቀርበው ሐሳብ ይህን ይመስላል። ሦስተኛው ምት ከነሙሉ ቅጣቱ ይፈቀድ፤ ጥንካሬዋም መጽሐፉ እንዳለው ሙሉ ይታሰብ። አጫዋቹ በውሳኔው ከጸና ደግሞ ቢያንስ ምርጫዋን በሌላ እንድትለውጥ ይፍቀድላት፤ ዝም ብሎ አይቶ ያጸደቀውን ነገር ከሳምንት በኋላ ሽሮ ዋጋውን እሷ ላይ መጣል አግባብ አይደለም። የክታቡን ዋጋ በተመለከተ፣ ለሞንክ ሲሆን እንደ ማንኛውም አንድ መሣሪያ በ2,000 ይሸጥ። ሰውነቷ አንድ ነው ካሉ አንድ ያስከፍሏት። «ሚዛኑ ይዛባል» ለሚሉ፣ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ወስደው በካልኩሌተር ያረጋግጡ፤ 0.65 ሚዛን አያዛባም። የእኔን ሰይፍ ቢነጥቁኝ ይሻላል።

ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ በ8 ሰዓት፣ በተለመደው ክፍል ነው። ለተጫዋቿም ነግሬያታለሁ። «ውሳኔው መጀመሪያ በጽሑፍ ይምጣ» ብላለች።